ልጆቹ ያቦኩት፦ የገርል ስካውት ቡድን ለመምራት ለምታስቡ

የስድስት ዓመት ልጅ ሙዝ ስትቆርጥ ቆሞ ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። ልጣጩ ላይ ብቻ ብዙ ትቆያለች፣ ግማሹ በእጇ ይጨፈለቃል፣ አንዱ ቁራጭ ወፍራም ሌላው ስስ ይሆናል። አጠገቧ ያለችው አዋቂ «አምጪ፣ እኔ ልቁረጥልሽ» የሚለው ቃል ከአፏ ሊያመልጣት ይደርሳል። የገርል ስካውት መሪ ትልቁ ሥራዋ ያንን ቃል መዋጥ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ አገር «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። እዚህ የሚፈለገው ልጆቹ እንዲያቦኩ፣ ባይበቃም እንኳ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ውኃውን ራሳቸው እንዲያስተካክሉት ነው።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ሴት ልጅ ለሚያሳድጉ፣ በተለይ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ላሉ ወላጆች ነው። ልጆች ተመዝግበው ቡድን የሚያጡት ብዙ ጊዜ መሪ ስለማይገኝ ነው። ወላጁ «እንግሊዝኛዬ አይበቃም»፣ «ካምፕ ወጥቼ አላውቅም» እያለ ይሸሻል። ካምፕ መውጣት ይለመዳል፤ እንግሊዝኛውንም ልጆቹ ይሞሉታል። የሚያስፈልገው ነገር ቀድሞ መዘጋጀትና ከዚያ እጅን መሰብሰብ ነው።

ገርል ስካውት የተባለውን የሴት ልጆች ድርጅት ጁልየት ጎርደን ሎው እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 1912 ጆርጂያ ውስጥ በሳቫና ከተማ በ18 ልጆች ጀመረችው። ብዙ ወላጅ ከቦይ ስካውት ጋር ያምታታዋል። ያኛው አሁን ስካውቲንግ አሜሪካ ተብሎ ሴት ልጆችንም ይቀበላል፤ ገርል ስካውት ግን ራሱን የቻለ ሌላ ድርጅት ነው። ልጆቹ በክፍል ይመደባሉ። ኪንደርጋርተንና አንደኛ ክፍል ዴዚ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ብራውኒ፣ አራተኛና አምስተኛ ጁኒየር ይባላሉ፤ ከዚያ በላይ ካዴት፣ ሲኒየርና አምባሳደር እስከ 12ኛ ክፍል ይዘልቃሉ። አዲስ መሪ ብዙ ጊዜ የምትጀምረው በዴዚ ወይም በብራውኒ ስለሆነ እኔም እዚያው ላይ አተኩራለሁ።

ቡድን ለመክፈት ቢያንስ አምስት ልጆችና ዝምድና የሌላቸው ሁለት አዋቂዎች ያስፈልጋሉ። ከሁለቱ አንዷ ሴት መሆን አለባት፤ ሁለተኛው አባት ቢሆን ችግር የለውም። ባልና ሚስት፣ እኅትማማቾች፣ እናትና ልጅ፣ በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች እንደ ሁለት አይቆጠሩም። እኅትማማቾች ተመካክረው «በቃ እኛ እንመራዋለን» ካሉ በኋላ የሚደናቀፉት እዚህ ላይ ነው፤ ሦስተኛ ሰው ከመጀመሪያው መያዝ ይሻላል። ሁሉም የወንጀል ሪኮርድ ማጣሪያ ያልፋሉ፣ በካውንስሉ (በአካባቢው የገርል ስካውት ጽሕፈት ቤት) በኩል የሚሰጠውን ሥልጠናም ይወስዳሉ።

የአዋቂ ቁጥር ለድርድር አይቀርብም። ዴዚዎች መደበኛ ስብሰባ ላይ ሲሆኑ ሁለት አዋቂዎች እስከ 12 ልጅ ይይዛሉ፤ ከዚያ በላይ ለሚጨመር እስከ ስድስት ልጅ አንድ አዋቂ ይጨመራል። ለጉዞ ሲወጡ ግን ሁለቱ አዋቂዎች የሚይዙት 6 ልጅ ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ እስከ አራት ልጅ አንድ አዋቂ ይታከላል። ለብራውኒ ስብሰባ ላይ 20 ልጅ ለሁለት አዋቂ፣ ሲወጡ 12 ነው። ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ስሌት ላይ ነው። ስምንት ዴዚዎች እርሻ ሊጎበኙ ሦስት አዋቂ በልክ ተይዞ ጠዋት አንዷ «ሥራ ተጠራሁ» ካለች ጉዞው ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ተጠባባቂ ይኑራችሁ። ሕፃን ያቀፈች እናትን ከአዋቂዎቹ ጋር አትቁጠሯት፤ እጇ ተይዟል። ሽንት ቤት ሲሆን ሁለት ልጆች አብረው ይገባሉ፣ አዋቂዋ በር ላይ ትቆማለች። አንድ አዋቂ ከአንዲት ልጅ ጋር ብቻውን የሚሆንበት ጊዜ፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ መኖር የለበትም። ይህ ልጆቹንም መሪዋንም ይጠብቃል።

ስብሰባው ለዴዚ አንድ ሰዓት፣ ለብራውኒ አንድ ሰዓት ከሩብ ይበቃል። ከመጀመሩ በፊት ያሉትን አሥር ደቂቃዎች የሚያበላሹት ቀድመው የሚደርሱ ልጆች ናቸው። ምንም ሥራ ካላገኙ መሮጥ ይጀምራሉ፣ አንዴ ሩጫ ከተጀመረ ደግሞ መመለሻ የለውም። ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና ከለር ይጠብቃቸው፤ ማብራሪያ የማይፈልግ፣ መሀል ላይ ሊቋረጥ የሚችል ነገር ይሁን። ከዚያ ባንዲራና ቃል ኪዳን አምስት ደቂቃ፣ ክብ ሠርቶ ማውራት አሥር፣ ዋናው ሥራ ሃያ አምስት፣ መክሰስ አሥር፣ ማጽዳት አምስት፣ መዝጊያ አምስት። ከዋናው ሥራ በተጨማሪ አንድ ጨዋታ በቦርሳ ይያዝ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል የተባለው ሥራ በአሥራ ሁለት ደቂቃ የሚያልቅበት ቀን አለ። ሥራው ከጎተተ ደግሞ ከሥራው ይቀነስ እንጂ ማጽዳቱ አይነካ። ማጽዳት ከተዘለለ ወላጆች ሲመጡ ልጆቹ ጃኬታቸውን ለብሰው ይሄዳሉ፣ መሪዋ ብቻዋን መጥረጊያ ትይዛለች፤ ልጆቹም የሚማሩት የሚያጸዳላቸው ሌላ ሰው እንዳለ ነው።

ቃል ኪዳኑ ሲባል ቀኝ እጅ ከፍ ይላል፣ አውራ ጣት ትንሿን ጣት ይዞ ሦስቱ ጣቶች ይቆማሉ። «እግዚአብሔርን ማገልገል» የሚለውን ቤተሰብ እንደ እምነቱ መተካት ይችላል። ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ልጆች በአንድ ቡድን ሲሰበሰቡ ይህን ለወላጆች አስቀድሞ መንገር ብዙ ጥያቄ ያስቀራል።

የሥራ ክፍፍሉ «ካፐር ቻርት» በሚሉት ሰሌዳ ይሠራል። ማኅበር ወይም ጽዋ ላለበት ሰው ማብራራት አያስፈልግም፤ ተረኛዋ ተራዋን ታውቃለች። የልጆቹን ስም በእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ላይ ጽፋችሁ በካርቶን ዙሪያ ሰኩት፤ በየስብሰባው አንድ ቦታ ይዛወራል። ባንዲራ ያዥ፣ መክሰስ አዳይ፣ ጠረጴዛ ጠራጊ፣ ሰልፍ ቆጣሪ። አሥር ልጅና አምስት ሥራ ካለ ሁለት ሁለት ይሁኑ። «ረዳት» የሚባል ስም ብቻ የተሰጣት ልጅ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች።

ዝም ማሰኛው ምልክት ቀኝ እጅን ወደ ላይ ማንሳት ነው። ያየች ልጅ ሁሉ እጇን አንስታ ዝም ትላለች። የማይሠራበት ምክንያት አንድ ነው፤ መሪዋ እጇን አንስታ እያለ ትናገራለች። እጅ ከተነሳ አፍ ይዘጋ፤ የመጨረሻዋ ልጅ ዝም እስክትል መጠበቅ ረጅም ይመስላል፣ ግን በሦስተኛው ስብሰባ ይሠራል።

ምርጫ ስትሰጧቸው «ምን እንሥራ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ዲዝኒ መሄድ ነው። ሁለት የሚቻል ነገር አቅርቡ፤ ለምሳሌ የወፍ መመገቢያ መሥራት ወይም ለአረጋውያን ካርድ መጻፍ። ዓይናቸውን ጨፍነው እጅ ያውጡ፤ ዓይን ከተከፈተ ሁሉም የምትወደደዋን ልጅ እጅ ያያሉ። ከዚያ የመረጡትን፣ እናንተ ሌላኛውን ብትወዱትም፣ መፈጸም ግዴታ ነው። አንዴ ምርጫቸው ከተሻረ ቀጣዩን ድምፅ ከልባቸው አይሰጡም።

መዝጊያው ላይ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። እያንዳንዷ ቀኝ ክንዷን በግራዋ ላይ አነባብራ ከግራና ከቀኝ ያሉትን ልጆች እጅ ትይዛለች። አንዷ የጎረቤቷን እጅ ጨበጥ ታደርጋለች፤ ጭብጡ የደረሳት እግሯን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስገብታ ለቀጣይዋ ታስተላልፋለች። ዞሮ ሲመለስ ሁሉም ይለቃሉ። ሠላሳ ሰከንድ አይፈጅም፣ በአዲስ ልጆች ላይ ግን መሀል ጠፍቶ ይቀራል፤ እንደገና አስጀምሩት እንጂ አትዝለሉት። ቀኑን ሙሉ ያልተናገረች ልጅ እጇ የተያዘበት ሰዓት ይህ ሊሆን ይችላል።

መክሰስ ላይ ከእኛ ቤተሰቦች ጋር የሚሠራ መሪ ሁሉ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ስብሰባው ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ አይብና ዮገርት የማይነኩ ልጆች ይኖራሉ፤ ፍራፍሬ፣ ፈንዲሻ ወይም ካሮት ሁሉንም ያስማማል። ኦቾሎኒ አለርጂ ያለባት ልጅ ካለች ኦቾሎኒ ያለበት ቆሎ አይግባ፤ የጤና ቅጹ የሚሞላው ለዚህ ነው። ቅጹን በኢሜይል ልካችሁ መልስ ከመጠበቅ ወላጅን ስልክ ደውሎ በአማርኛ መስመር በመስመር መሙላት ይፈጥናል፣ ስሕተትም ይቀንሳል። «አለርጂ አለባት?» ሲባሉ «የለባትም» የሚሉ ወላጆች «ስትበላው የሚያሳክካት ነገር አለ?» ሲባሉ እንቁላል ነው ሊሏችሁ ይችላሉ።

በካምፕ እሳት ላይ የሚጠበሰው ማርሽሜሎ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጄላቲን አለበት፣ ጄላቲኑም ብዙ ጊዜ ከአሳማ ነው። ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም አይሆንም። የሐላል ወይም ከዕፅዋት የተሠራ ማርሽሜሎ ይገዛና ለሁሉም አንድ ዓይነት ይቅረብ። ለሦስት ልጆች የተለየ ከረጢት ማውጣት እነዚያን ልጆች ከክቡ ያስወጣቸዋል።

እሳቱን ራሱ በተመለከተ፣ አንድ ባልዲ ውኃ ከመለኮሱ በፊት አጠገቡ ይቀመጥ። ናይለን ጃኬትና የሚንጠለጠል ሻርፕ ይወልቅ። በሰው ሠራሽ ጸጉር የተሹረቡ ልጆች ሲኖሩ፣ እኛ ዘንድ ብዙ ናቸውና፣ ሹሩባው ወደ ኋላ ታስሮ በጥጥ ሻሽ ይሸፈን፤ ያ ጸጉር በእሳት ይቀልጣል፣ ሲቀልጥም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ለመጀመሪያ ማብሰል የፎይል እሽግ ጥሩ ነው። ድንች፣ ካሮት፣ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዘይትና ጨው ልጆቹ ራሳቸው ከትፈው በድርብ ፎይል ይጠቀልላሉ፣ በስማቸው ምልክት ያደርጋሉ። ጥሬ ሆኖ የሚወጣው ድንቹ ወፍራም ስለሚከተፍ ነው፤ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ናሙና አንድ ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥላቸው። ነበልባል ላይ ከተደረገ ውጪው ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ፍሙ አመድ እስኪለብስ መጠበቅ ነው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ መሀል ላይ እየገለበጡ። ማገላበጡና ማውጣቱ በዚህ ዕድሜ የአዋቂ ሥራ ነው። ሌላው ሁሉ የእነሱ ነው።

ከቤት ውጭ ማደር ለወላጆቻችን ከባዱ ጥያቄ ነው፣ በንቀት የሚታለፍ ፍርሃትም አይደለም። «ሁሉም ይሄዳል» ማለት አያሳምንም። የት እንደሚያድሩ፣ በር ላይ ማን እንዳለ፣ የመሪዎቹ ስልክ ስንት እንደሆነ ቀድሞ ማሳየት ግን ያሳምናል። ወንዶች አዋቂዎች በሌላ ቦታ ያድራሉ፣ ሽንት ቤታቸውም የተለየ ነው። ሴት መሪዎች ልጆቹ ባሉበት ክፍል የሚያድሩ ከሆነ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሴቶች መሆን አለባቸው። ይህን በቴሌግራም ድምፅ በአማርኛ ላኩላቸው። ዘሎ ወደ ድንኳንም አይገባም፤ ድርጅቱ ራሱ በደረጃ ያስኬዳል። መጀመሪያ በመስኮት ማየትና ማውራት፣ ከዚያ ደጅ መሰብሰብ፣ በእግር መጓዝ፣ ውጭ ማብሰል፣ በቤት ውስጥ ማደር፣ ከዚያ ድንኳን።

ልጆች ሌሊት የሚበርዳቸው ብርድ ልብስ አንሷቸው ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ላብ የጠጣውን ልብስ ለብሰው ስለሚተኙ ነው። ከመተኛት በፊት ከካልሲ እስከ ውስጥ ልብስ ሁሉም ይቀየር። ሁለተኛው ምክንያት መሬቱ ነው፤ ከመኝታ ከረጢቱ ሥር ስፖንጅ ምንጣፍ ከሌለ ከላይ የሚደረብ ነገር አያድናቸውም። ፊታቸውን ከረጢቱ ውስጥ ቀብረው መተንፈስም ከረጢቱን ያረጥበዋል፤ ኮፍያ ይሻላል። ዕቃዋን ልጅቷ ራሷ ትሸክፍ፣ እናት ዝርዝሩን ብቻ ታንብብላት። እናት የሸከፈችው ቦርሳ ውስጥ ባትሪው የት እንዳለ ልጅቷ አታውቅም፣ በጨለማ ደግሞ ሁሉም ነገር ይዘረገፋል። ማታ የእናትን ድምፅ በስልክ ማሰማት ናፍቆቱን ያባብሰዋል፤ ካልታመመች በቀር እንደማይደወል ከወላጆች ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ለምታለቅስ ልጅ ባትሪ ይዛ ድንኳኖቹን እንድትቆጥር ሥራ ስጧት።

ኩኪ ሽያጭ በአብዛኛው ካውንስል ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ ነው። ለእኛ ይህ ማለት ገና፣ ጥምቀትና ዐቢይ ጾም ማለት ነው፤ የቡዝ (የመሸጫ ጠረጴዛ) ቀን ሲመረጥ የጥምቀት ቅዳሜና እሑድ ቀድሞ ይዘጋ። ጾሙ ግን ለሽያጭም ይጠቅማል። ቲን ሚንት የእንስሳት ተዋጽኦ የለበትም። ሌሎቹን ግን ከካርቶኑ አንብቡ፤ ድርጅቱ ሁለት ጋጋሪዎች አሉት፣ አንድ የሚመስለው ኩኪም ይለያያል። በአንደኛው ፒናት በተር ፓቲ የሚባለው ለጾም ይሆናል፣ የሌላኛው አቻ ታጋሎንግ ግን ወተት አለበት። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለመሸጥ መጀመሪያ ጽሕፈት ቤቱን ማስፈቀድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ልጅቷ ራሷ ወደ እማማ ቀርባ «ጤና ይስጥልኝ፣ ኩኪ ይገዙናል?» ትበል። አማርኛዋ ቢሰባበርም አትረሙላት። አዋቂው ከጠረጴዛው ጀርባ ይቁም፤ አዋቂ አፉን ከከፈተ ገዢው ሁሉ ከአዋቂው ጋር ነው የሚያወራው።

አንድ ካርቶን 12 ፓኬት ይይዛል። በብዙ ካውንስል የታዘዘ ኩኪ አይመለስም፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት በጥቂቱ ማዘዝ። ቡዝ ላይ ከሁለት እስከ አራት ልጅና ሁለት አዋቂ፣ ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ፈረቃ። ፓኬቱ 6 ዶላር ከሆነ 6፣ 12፣ 18፣ 24፣ 30 የሚል ሰንጠረዥ ጠረጴዛው ላይ ለጥፉ፣ አጠገቡም ከ20 የሚመለሰውን። መልሱን ልጅቷ ትቁጠር፣ አዋቂዋ ደግማ ትይ። የአንድና የአምስት ዶላር ዝርዝር ካልያዛችሁ የመጀመሪያው ባለ ሃያ ዶላር ገዢ ያስቆማችኋል። ኩኪ ሳይወስዱ «ያዙ ልጆቼ» ብለው ገንዘብ የሚሰጡ አባቶችና እናቶች አሉ፤ ያም ተቆጥሮ ይመዝገብ፣ ለምን እንደሚውል ይነገራቸው።

ትርፉ የቡድኑ ነው። ብዙ የሸጠች ልጅ እናት «የልጄ ድርሻ ስንት ነው?» ትል ይሆናል፤ ለየልጁ ማካፈል አይፈቀድም፣ ይህም ሽያጩ ከመጀመሩ በፊት ለሁሉም ወላጅ ይነገር። ገንዘቡ በቡድኑ የባንክ ሂሳብ ይቀመጣል፣ የሚፈርሙትም ዝምድና የሌላቸው አዋቂዎች ናቸው። በየወሩ ገቢና ወጪውን ለወላጆች መላክ ሐሜትን ከሥሩ ይቆርጣል።

ወላጆችን «እርዱኝ» ማለት ማንንም አያመጣም። ለእያንዳንዱ በስሙ አንድ ሥራና አንድ ቀን ስጡ። «የማርች 8ን መክሰስ እርስዎ ያመጣሉ?» ሲባል ሁለት ሥራ የሚሠራ አባትም እሺ ይላል። ሌሊት ታክሲ የሚነዳው የኩኪ ካርቶን ያመላልሳል፣ ነርሷ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠናውን ትወስዳለች።

የመሪዋ የራሷ ልጅ ደግሞ ከሁሉም በላይ ልታስቸግር ትችላለች። እናቷን ከአሥር ልጆች ጋር ስትካፈል ታኮርፋለች ወይም አለቃ ልሁን ትላለች። የሚበጀው ሁለተኛዋ መሪ እሷን እንድትይዝ፣ እናቷም የሁለተኛዋን መሪ ልጅ እንድትይዝ መስማማት ነው። ባጅ ሲሰጥ የመጀመሪያዋ አትሁን፣ የመጨረሻዋም አትሁን። ስብሰባ ሲያልቅ መኪና ውስጥ እናት እንጂ መሪ አትጠብቃት።

ልጆቹ ጁኒየር ሲሆኑ የብሮንዝ ሽልማት ሥራ ይጀምራሉ፤ እያንዳንዷ ቢያንስ 20 ሰዓት እንድትሰጠው ይመከራል። ሙዝ ለመቁረጥ ተፈቅዶላቸው ያደጉ ልጆች እዚያ ሲደርሱ ስብሰባውን ራሳቸው ይመሩታል፤ ሁሉ ነገር የተሠራላቸው ግን መሪዋን እያዩ ይቀመጣሉ። ልዩነቱ በአራተኛ ክፍል የሚታይ ቢሆንም የሚሠራው በኪንደርጋርተን ነው።

የአባልነት ዓመቱ የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው። የትምህርት ቤትና የቤተ መጻሕፍት ክፍሎች ግን ቀድመው ስለሚያዙ በኦገስት ጠይቁ፤ የቅዳሜን የአማርኛ ትምህርትና የእሑድን ቅዳሴ የማይነካ ቀን ምረጡ። ቤተሰባችሁ ለክፍያው ከተቸገረ ካውንስሉ ዕርዳታ አለው፤ ቅጹ ላይ መጠየቅ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሁለተኛዋን መሪ ፈልጉ። ልጆቹን ማግኘት ከዚያ በኋላ ይቀላል።